ከበሩ ሥር የምትቀመጠው የኮባ ሳህን

ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ከልደታ ወደ ቦሌ ከመጣ ቆየት ብሏል። ስድስት ዓመቴ ይሁን ሰባት፣ እሱንም አጣርቶ የሚነግረኝ ሰው ዛሬ የለም። ክረምት እንደነበረ ግን አውቃለሁ። እናቴ የሌለችበት የመጀመሪያው ክረምት ነበር፤ ይሄ አይጠፋኝም።

ብዙ ዘመን ተኝቶ የነበረውን ነገር የቀሰቀሰው ሽታ ነው። የልጄ ልጅ ሊዲያ ሰሚት አካባቢ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ትሠራለች። በቀደም ቦሌ አራብሳ እኛ ቤት ከች አለችና፦

"አባባ፣ ይነሡ፤ ኮትዎን ይልበሱ። ዛሬ ምሳ እኛ ጋ ነው" አለችኝ።

"እናንተ ጋ ምን አለ?"

"ሪትሪት አለ። ከሩቅ ምሥራቅ ከባሊ ደሴት ሼፍ አስመጥተን ትራዲሽናል ምግብ እያሠራን ነው። ኦሪጅናሉን!"

"ሪትሪት ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰዎች ይመጡና ስልካቸውን ያጠፋሉ። ዝም ይላሉ። በጠዋት ተነሥተው ቁጭ ብለው ያስባሉ፣ ቀለል ያለ ነገር ይበላሉ፣ ያርፋሉ።"

"ገዳም ነዋ!"

"ገዳም ከነሻወሩ" አለችና ሳቀች።

ባሊ ያለችውን ቃል በልቤ ይዤ ኮቴን ለበስኩ። ታክሲ ይዘን ሄድን። ከበሩ ስንገባ ገና ግቢውን እንኳን በቅጡ ሳላየው ሽታው መጣ። በከሰል ፍም ላይ የተለበለበ ኮባ፣ ከሥሩ ጠጅ ሳር፣ እርድና ዝንጅብል። እግሬ ቆመ።

"አባባ፣ ደከመዎት እንዴ?"

"አልደከመኝም። ቆይ እስቲ" አልኳት። የበሩን ብረት ይዤ ቆየሁ።

ያኔ አባቴ ዘበኛ ነበር፤ የምንኖረውም ከሚጠብቀው ግቢ በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ነው። የሚጠብቀው ቤት ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ፣ ወደ እርሻው በሚያወጣው መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ፎቅ በፎቅ ስለሆነ ቦታውን ላሳያችሁ ብል አልችልም። ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በረንዳው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ባለቤቷ ማዳም የምንላት ባሏ የሞተባት አሮጊት ፈረንጅ ነበረች። በየክፍለ ሀገሩ የሚያስተምሩና ሕሙማን የሚያስታምሙ የውጭ አገር ሰዎች ክረምት ሲሆን እሷ ጋ መጥተው ያርፋሉ። ራዲዮ አይከፈትም፤ ጮክ ብሎ ማውራት የለም። ዝናቡ ጋብ ሲል አትክልቱ መሀል እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቀስ እያሉ ይዘዋወራሉ።

እኔ ለቅሶ የመጡ ነበር የሚመስለኝ። እናቴ ከቤት የጠፋች ሰሞን የኛ ሰዎች እንደዚያው በዝግታ እየገቡ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው እየተነጋገሩ፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ይሄዱ ነበር። የኛዎቹ ሲጨርሱ ፈረንጆቹ ተራቸው ደርሶ የመጡ መሰለኝ። ከመካከላቸው አንዷ ወደኛ ክፍል አይታ አንገቷን ዘንበል ካደረገች፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ ማለቷ ነው" እላለሁ በልቤ።

እናቴን ጠበል ሄደች ነው ያሉኝ። የቀብሩ ቀን ጎረቤት ወስደው ከልጆች ጋር አዋሉኝ። ስመለስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ እሷ የለችም። "ጠበል ሄዳለች፣ ድና ትመጣለች" አሉኝ። እኔም ጠበቅኳት።

ችግሩ ምግብ ላይ ነው። በቤታችን መጀመሪያ የሚቆረሰው ለእኔ ነበር። እናቴ ጠቅልላ ካላጎረሰችኝ እጄን ወደ ገበታው አልሰድም። ይሄ ከመቼ እንደጀመረ አላውቅም፤ ገበታ ማለት ለእኔ እንደዚያ ነው። እሷ ስትሄድ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ወተት በሲኒ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ። የአጃ ሾርባም እጠጣለሁ። የሚታኘክ ነገር ግን አፌ ውስጥ ገብቶ ይዞራል፣ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

ሰው ደግሞ ዝም አይልም። የእናቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ ወርቄ፣ ለቀብሩ ከሸኖ መጥታ እስከ አርባው ከርማ ነበር። ደግ ሴት ነች፤ ግን እጇ ትልቅ ነው። ያንን የሚያህል ጉርሻ ትጠቀልልና አፌ ላይ ደቅና፦

"እንካ! ለእኔ ስትል! በማርያም ይዤሃለሁ! ክፈት፣ ክፈት እንጂ አንተ ልጅ!"

ቤት ያለው ሰው ሁሉ አፌን ያያል። እከፍታለሁ። ትከተዋለች። እኔ ወደ ደጅ ሮጬ እተፋዋለሁ። ተመልሼ ስገባ ሁለተኛው ጉርሻ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

ወደ አገሯ ልትመለስ የተነሣች ቀን አባቴን በሩ ላይ አቁማ፣ እኔ እየሰማሁ ተናገረችው።

"ስማ፣ ይሄ ልጅ እየመነመነ ነው። ወንድ ብቻህን ምን ታደርገዋለህ? በሩን ትጠብቅ ወይስ ልጁን? እስከ መስቀል እታገሥሃለሁ። መስቀል ሲደርስ እመጣለሁ፤ ገበታ ቀርቦ ሲበላ በዓይኔ ካላየሁት ይዤው ነው የምሄደው።"

 እሷ ከሄደች በኋላ አባቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ በካፖርቱ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገና፦

"አንተ ከሄድክ እኔ ይሄን በር ለማን ብዬ ነው የምጠብቀው?" አለኝ።

ያን ክረምት የምፈራው ይሄን ነበር። ሸኖን አልጠላም፤ አባቴን ብቻውን እዚያ በር ላይ ማሰብ ነው ያቃተኝ። ደግሞ እናቴ ከጠበል ስትመለስ እኔን ብታጣኝስ?

የእንግዶቹ ወጥ ሠሪ ማዳም ከሩቅ አገር ይዛው የመጣችው አጭር ሰውዬ ነበር። ባሏ በሕይወት እያለ ባልና ሚስቱ በሰውየው አገር ብዙ ዘመን ተቀምጠዋል አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ቻይናው ይለዋል። ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ "ቻይና! ቻይና!" ሲሉት ማማሰያውን እንደያዘ ብቅ ይልና "ቻይና የለም! ባሊ!" ይላቸዋል። አባቴም አልገባውም። "የባሌ ሰው ነኝ ይላል እኮ፤ የባሌ ሰው ደግሞ እንዲህ አይመስልም" ይል ነበር። ስሙን እኔ ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ እናንተም ጥቂት ታገሡኝ።

ጉልበቱን አልፎ የሚወርድ ሽርጥ ያገለድማል። ራሱ ላይ ሻሽ ያስራል። ጆሮው ሥር ደግሞ አበባ ይሰካል። ወንድ ልጅ አበባ ሰክቶ ማድ ቤት ሲገባ ያየሁት ያኔ ነው። አማርኛው ጥቂት ነበር፤ ለሁሉም ሰው፣ ለማዳምም ለቄሱም፣ "አንተ" ነው የሚለው። ማንም አይቀየመውም።

ለእንግዶቹ በሳህንና በሹካ የሚበላ የፈረንጅ ምግብ ይሠራል። የራሱን ግን ከጓሮ በከሰል ምድጃ ላይ ያበስላል። እዚያ ነው እኔ የምውለው። በአጥሩ ጥግ ጥጉን ጠጅ ሳር ተክሏል፤ በበዓል ከቄጤማ ጋር ቤት የሚነሰነሰው ያው ጠጅ ሳር። አንድ ቀን ሥሩን ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ ድስት ውስጥ ሲከተው አየሁ። ሮጬ ሄድኩ።

"አባባ! አባባ! ሣር ይበላል!"

"ዝም በል፣ ይሰማሃል።"

"እውነቴን ነው! የሚጎዘጎዘውን!"

"አገሩ ወለሉ ላይ ምን ይጎዘጉዙ ይሆን ታዲያ?" አለና አባቴ ራሱ ተገርሞ ቀረ።

ሩዝም እንደዚሁ። ሩዝ እኛ ቤት አይገባም ነበር። የጉንዳን እንቁላል መሰለኝ፤ ክረምት ድንጋይ ሲገለበጥ ሥሩ የሚገኘው ነጭ ነጩ። ይሄን ሁሉ ጉንዳን ከየት አገኘ ብዬ ግቢውን ዞሬ ድንጋይ ገልብጫለሁ።

ሲሠራ ማየት ግን አይጠገብም ነበር። ቀይ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን፣ እርዱን፣ ቃሪያውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጎ ሲደቁስ ክንዱ እንጂ ሌላው ገላው አይንቀሳቀስም። ጣቶቹ በእርዱ ቢጫ ሆነው ቀርተዋል። የደቆሰውን በዘይት ሲያቁላላው ዓይኑን ጨፍኖ ያሸተዋል፤ ጨው ጎድሎት እንደሆነ በምላሱ አይቀምስም፣ በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። ከዚያ ዓሣውን ወይም ሥጋውን በቅመሙ ለውሶ በኮባ ይጠቀልላል፤ በስንጥር ሰፍቶ ፍም ላይ ያጋድመዋል። ኮባው ሲለበለብ የሚወጣው ሽታ እናቴ ለበዓል ድፎ ዳቦ ስትደፋ የሚወጣው ሽታ ነው። እሷም በኮባ ነበር የምትጋግረው። ዳር ቆሜ ምራቄን እውጣለሁ። ግን ማንም ብላ አይለኝም። እሱም አይለኝም። አንድም ቀን "እንካ" አላለኝም።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌላ ነገር ያደርጋል። ምግቡን ለእንግዶቹ ከማቅረቡ በፊት ኮባ ቆርጦ፣ አጥፎ፣ በስንጥር ወግቶ መዳፍ የምታህል ሳህን ይሠራል። ቁንጥር ሩዝ፣ ትንሽ ጨው፣ ቁራጭ ዝንጅብል ያደርግባታል፤ አንድ የአበባ ቅጠል ከላይ ጣል። ከዚያ መጥቶ እኛ ክፍል አጠገብ ከግቢው በር ሥር ያስቀምጣታል። ቁጢጥ ይልና ሽታውን ወደ አንድ ሰው እንደሚሸኝ ሁሉ በእጁ ቀስ አድርጎ ያራግባል። ተነሥቶ ወደ ኋላው ሳያይ ይሄዳል።

የእኔ ናት ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምን ላስብ? ይህችን የምታህል ሳህን ለአዋቂ የሚሠራ ማነው? የተቀመጠችው እኛ በር ላይ ነው። የተቀመጠችበትም ለእኔ ቁመት ነው። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ እጅ የላትም። አፌ ላይ የሚደቀን እጅ የለም፣ "ለእኔ ስትል" የሚል የለም፣ አፌን የሚያይ የለም። አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። አውራ ዶሮው እየተጠጋ ነው። ዶሮውን በእግሬ አባረርኩና ሩዙን አነሣሁ። አፌ ውስጥ ዞረ። ዞረና ወረደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እበላለሁ። አባቴ ዶሮዎቹ የጨረሱት ነው የሚመስለው። ሰውየው ግን አውቋል። ሳህኗ ቀስ በቀስ ሰፋች። ቁንጥሩ እፍኝ ሆነ። አንድ ቀን የእንቁላል ቁራጭ ተገኘባት፤ ሌላ ቀን በኮባ የበሰለ ዓሣ፣ እሾሁ ተለቅሞ። አስቀምጦ፣ አራግቦ፣ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል።

የምበላት እኔ ብሆንም ለማን እንደምትቀመጥ ያወቅኩት በነሐሴ ነው። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ተከትዬው ሄድኩ። ሌሎችም ሳህኖች ይዞ ነበር፤ አንዷን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠ። አንዷን የውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ። ጉድጓዱ ጋ ልጅ የለም። ምድጃው ጋም የለም። ደነገጥኩ።

"ይሄ የማነው?" አልኩት።

አማርኛ እየፈለገ ቆየ። "ለሌለ ሰው" አለኝ።

"የሌለ ሰው እንዴት ይበላል?"

አፍንጫውን ነካ። "እሱ ሽታ።" ከዚያ ሆዱን ነካ። "እኛ ሩዝ።" እንደገና በእጁ አራገበና አሳየኝ፤ ሽታው ይሄዳል፣ እህሉ ይቀራል።

"የሌለ ሰው ማነው?"

"የእኔ እናት። የእኔ አባት። ብዙ።"

"የኔ እናት ጠበል ነው የሄደችው" አልኩት።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ።  ኮባ ቆረጠ፣ አንድ ሌላ ሳህን ሠራ፣ ሩዙን በእኔ እጅ አስደረገኝ። በሩ ጋ አብረን ሄደን አስቀመጥናት።

"ለእማማ" አለ።

እንደሱ አድርጌ በእጄ አራገብኩ። እጄ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ገባኝ። ጠበል የሄደ ሰው ይመለሳል፤ ለሚመለስ ሰው ሽታ አይላክም። እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ያልነገረኝን ያ አማርኛ የማያውቅ ሰው ነገረኝ። አለቀስኩ። አልከለከለኝም፣ አላባበለኝም፤ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ሲበቃኝ "አሁን አንተ ብላ" አለና ሄደ። እያለቀስኩ በላሁ። ከእናቴ ጋር ከአንድ ሳህን እንደበላሁ ነው የቆጠርኩት።

ይሄ ሁሉ ግን በሩ ሥር ነው። ማታ ከአባቴ ጋር ገበታ ስቀርብ ጉሮሮዬ ያው እንደተዘጋ ነው። አባቴ ጉርሻውን ይዞ ይጠብቃል፤ እኔ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ እሱ መልሶ ራሱ ይበላዋል። መስከረም ጠባ። አደይ አበባው አጥሩን ሞላው። ልጆች ለመስቀል ችቦ ማሰር ሲጀምሩ እኔ የምቆጥረው የእትዬ ወርቄን መምጫ ነበር።

የመጣችው የመሸኛው ግብዣ ቀን ነው። እንግዶቹ ወደየሥራቸው ሊመለሱ ስለሆነ ማዳም ወጥ ሠሪዋን የአገርህን ማዕድ እንደ አገርህ ወግ አቅርብልን ብላዋለች። በጠዋት ሰውየው አባቴን ጠራው። ከእንግዶቹም ወንዶቹን ጠራ። ለእያንዳንዳቸው ቢላና መክተፊያ ሰጣቸው። በአገሩ ለድግስ የሚከትፈው ወንድ ነው፤ ሴት ሌላ ሥራ አላት።

"እኔ? ሽንኩርት ልክተፍ?" አለ አባቴ።

"አንተ። ወንድ" አለው።

አባቴ በግራ በቀኝ አየ፤ መንገዱ ላይ የሚያውቀው ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ ካፖርቱን አወለቀ። መጀመሪያ እየተሽኮረመመ ነበር። ቆይቶ ግን የሁሉም ቢላ እኩል ሲመታ፣ ታክ ታክ ታክ እያለ አንድ ላይ ሲሄድ፣ ደስ አለው መሰለኝ ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ። ዶሮዎቹንም የባረከው አባቴ ነው። ሰውየው ቢላውን በሁለት እጁ ይዞ አባቴን "አንተ" አለውና ሰጠው። እሱ ቢያርዳቸው እኛ እንደማንበላ ከማን እንደሰማ አላውቅም።

እትዬ ወርቄ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትገባ አባቴ ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ መክተፊያው ላይ አጎንብሷል።

"ምን ሆነሃል? የሞተ አለ እንዴ?"

"ሽንኩርት ነው፣ እትዬ።"

"ሽንኩርት! እህቴን ስንቀብር ያላየሁትን እንባ ሽንኩርት አወጣው?"

አባቴ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። እሷም ንግግሯን ሳትወደው አልቀረችም፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እዚያ የኮባዋን ሳህን አየቻት።

"በስመ አብ! ምንድን ነው በርህ ላይ የተጣለብህ? ልጁን ያሰረው ይሄ ነው በለኛ!" እግሯን አነሣች።

መሀል ገባሁ። "አትርገጫት! የእማዬ ናት!"

"የማን?"

"የእማዬ። እሷ ሽታውን፣ እኔ ሩዙን።"

እግሯን መለሰች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ አማተበች። "በል ልብስህን ሰብስብ" አለችኝ፣ ድምፅዋ ግን እንደበፊቱ አልነበረም። "ነገ በጠዋት እንሄዳለን። እዚህ አትቀመጥም።"

ሰውየው ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ መጣ። ሁለት መዳፉን ደረቱ ላይ ገጥሞ ጎንበስ አለላትና "እናት፣ ና፣ ብላ" አላት።

"ና አለኝ? እኔን?" ሳቋ አመለጣት። "ዶሮውን ማን ባረከው?"

"እኔ" አለ አባቴ።

"ቀኑስ?"

"ማክሰኞ ነው።"

ሌላ የምትጠይቀው አጣች። ገባች።

በረንዳው ላይ ሰሌን ተነጥፏል። በየሰሌኑ መሀል ኮባ የለበሰ ሰፌድ ተቀምጧል። ስምንት ስምንት ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ የእኛ ሰሌን ሰው ስለጎደለው አባቴን፣ እትዬ ወርቄንና እኔን አስቀመጠን። እሱ ራሱ የሰሌናችን አለቃ ሆነ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! መሀሉ ላይ ጉብታ የሚያህል ሩዝ፣ በእርድ ቢጫ የሆነ። ዙሪያውን በፍም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀብሮ የዋለ ዶሮ፣ አጥንቱ ሲነካ የሚለያይ። በጠጅ ሳር አገዳ ላይ ተጠቅልሎ የተጠበሰ የተፈጨ ሥጋ። ማዳም ከየት እንዳስመጣችው የማላውቀው ኮኮናት ተፈቅፍቆ የተነሰነሰበት ፋሶሊያ። ዳጣ የመሰለ የሚያቃጥል ነገር በጥግ በጥጉ። ዛሬ ድረስ ያን የመሰለ ገበታ አላየሁም።

ማዳም ወጉን በአማርኛ አስረዳችን። ሁሉም ሳይቀመጥ አይጀመርም። እያንዳንዱ ከፊቱ ነው የሚበላው። ከእጅ የወደቀ አይመለስም። የመጨረሻው ሰው በልቶ ሳይጨርስ ማንም አይነሣም።

"ይሄማ የኛው ማዕድ ነው" አለች እትዬ ወርቄ። "ማጎራረሱ ነው የቀረው።" ወዲያው ሩዙን ከዶሮው ጋር ጠቅልላ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ጉሮሮዬ ጥርቅም አለ።

ሰውየው መዳፉን ቀስ አድርጎ አነሣ። "እናት፣ የለም። ሁሉ ሰው፣ ከፊት።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። ፊቷ ቀላ። ጉርሻውን ራሷ ጎርሳው እያኘከች "ምን ዓይነት ገበታ ነው ሰው የማይጎራረስበት!" አለች ለአባቴ።

 ሁሉም ከፊቱ ያለውን እያየ ይበላል። ፈረንጆቹ በእጅ መብላት አስቸግሯቸው ከሩዙ ጋር ትግል ላይ ናቸው። እኔን የሚያይ የለም። ኮባው በሙቀቱ ሸተተ። እጄን ሰደድኩ። ከፊቴ ካለችው ጥግ ቆንጠር አደረግኩ። ወረደ። እንደገና። ዶሮውን አገኘሁት። ጠጅ ሳሩን እንደ ሸንኮራ መጠጥኩት። ከዚያ በኋላ ስለሌላው ሰው የማውቀው ነገር የለም።

ቀና ስል ሁሉም ጨርሰዋል። የሌላው ሰሌን ሰዎች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንድ ረጅም ፈረንጅ እግሩ ደንዝዞበት ጉልበቱን ያሻል። እትዬ ወርቄ "እግሬን! እግሬን!" እያለች ልትነሣ ስትል ሰውየው፦

"እናት፣ ቁጭ። ልጅ ይበላል" አላት።

ወደ እኔ ዞረች። ልጁ አይበላም ብላ ልትወስደው የመጣች ሴት፣ ልጁ በልቶ ስላልጨረሰ ከሰሌኑ መነሣት አቃታት።  ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። በረንዳውን የሞላው ሰው ሁሉ እኔን እየጠበቀ ነው፤ አንድም ሰው ግን ቶሎ በል አላለኝም። ከላያችን አውሮፕላን አለፈ። አባቴ ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ይጠርጋል።

"ሽንኩርቱ ነው" አለ፣ ሳትጠይቀው።

"አውቄያለሁ" አለችው። "አውቄያለሁ ሽንኩርቱ ነው።"

ያኔ ነው እንግዲህ እኔ ወጉን ያፈረስኩት። ከፊቴ የቀረውን ሩዝና ዶሮ ሰብስቤ በሁለት እጄ ጠቀለልኩ። እናቴ እንደምትጠቀልለው፣ ትልቅ አድርጌ። ዘይቱ እስከ ክርኔ እየወረደ በሰፌዱ ላይ አሻግሬ ወደ ሰውየው ዘረጋሁት። ማዳም ትንፋሿን ስትስብ ሰማኋት። በእሱ አገር ማንም ማንንም ከዚያ ገበታ አያጎርስም። ክረምቱን ሙሉ አባቴ ስንት ጊዜ "እንካ ቻይናው፣ አንድ ጉርሻ" ብሎት ሁለት መዳፉን ገጥሞ ጎንበስ እያለ አልፎታል።

እጄን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ።

አልቻለውም። ሁለቱም ጉንጮቹ ተወጠሩ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አኝክ እንጂ ጀግናው! አኝክ!" አለች እትዬ ወርቄ እየሳቀች፣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ። "ድገመው ልጄ፤ በአንድ ማን ይተዋል! ለእኔስ የለም?"

ለእሷም ነበረ። ለአባቴም ነበረ።

በማግስቱ ብቻዋን ሄደች። ዶሮ በኮባ ጠቅልለው ሰጥተዋት ዘንቢሏ ውስጥ አኑራለች። በሩ ጋ ስትደርስ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ አድርጋ ሳህኗን ሳትነካ ዞራት አለፈች።

ሰውየው ስሙን የነገረኝ የግብዣው ዕለት ሰፌዶቹን አብረን ስናጥብ ነው። በአገሩ ስም በመወለድ ተራ ነው የሚሰጠው፤ እሱ አራተኛ ልጅ ስለሆነ አራተኛ ልጅ የሚጠራበትን ስም ይዟል። እኔም ስሜን ነገርኩት። በጠዋት በሩ ጋ መጥቶ በስሜ ጠራኝ፤ እኔም በስሙ ጠራሁት።

ሰሚት ላይ ምሳውን በላሁ። ጥሩ ነበር፤ የወጥ ሠሪዋ እጅ የተባረከ ነው። ሼፏ ወጣት ሴት ነች፤ ከማድ ቤት ወጥታ እንዴት ነው ብላ በሊዲያ በኩል ጠየቀችኝ።

"አገራችሁ ለድግስ የሚከትፉት ወንዶች ናቸው፤ አይደለም?" አልኳት።

ሊዲያ ስትተረጉምላት ልጅቷ አፏን ያዘች። ማን ነገራቸው አለች። ነገርኳት። ስሙን ስነግራት "በየቤታችን አንድ አለ፤ የእኔም አጎት ስሙ እሱ ነው" አለችና ሳቀች።  ቁራጭ ኮባ ለመንኳት። ራሷ አጥፋ፣ በስንጥር ወግታ፣ ሩዝ አድርጋ ሰጠችኝ።

ስንወጣ ጉልበቴ እንደምንም ታጠፈልኝና ከዘበኛው ቤት አጠገብ ከበሩ ሥር አስቀመጥኳት። በእጄ ቀስ አድርጌ አራገብኩ። ዘበኛው ልጅ እግር ነው፤ ከወንበሩ ተነሣ።

"አባት፣ ምን ጥለው ነው?"

"አልጣልኩም። ለሰው ነው።"

"ለማን?"

"ቻይናው ይሉት ነበር" አልኩት። "ስሙ ግን ከቱት ነው።"